ከቆራሌው በፊት

ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሬ ስወጣ መንገድ ዳር ከተቀመጡ እናት ቆሎ ገዛሁ። ገብስና ሽምብራ ነው፣ ሱፍ ጣል ጣል የተደረገበት። በብርጭቆ ለክተው በወረቀት ጠቀለሉልኝ። እየቆረጠምኩ ጥቂት እንደሄድኩ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

የመጽሔት ገጽ ነው። የአንባቢያን ደብዳቤ የሚወጣበት። ጥግ ላይ «ሚያዝያ 1986» ይላል። ደሴ የሚያስተምር ሰው ስለ ደመወዝ ጽፏል። ከሱ ሥር አንዲት ሴት ወንድሟን ታፈላልጋለች። ወታደር ነበር፤ ከ1983 ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ወረቀቱ የተቀደደው የወንድሟ ስም ያለበት ቦታ ላይ ነው።

ቆሎውን ቦርሳዬ ውስጥ ገለበጥኩትና ተመለስኩ።

«እናቴ፣ ይሄን ወረቀት ከየት ነው የሚያገኙት?»

«ከሱቅ ነዋ፣ የኔ ልጅ። በኪሎ ነው የምገዛው።»

«የቀረ አለዎት?»

ከጎናቸው ካለው ፌስታል ውስጥ አንድ እፍኝ ወረቀት መዘው አወጡ። ቆጠርኩት፤ 11 ቅጠል ነው። አምስቱ የተማሪ የፈተና ወረቀት ናቸው። ሁለቱ የባንክ ቅጽ። አራቱ የዚያው መጽሔት ገጾች ናቸው። የሴትዮዋ ደብዳቤ ቀሪው ክፍል ግን አልነበረም። ከፍዬ ወሰድኳቸው። ምን ልታደርጊው ነው ሲሉኝ «ላስቀምጠው ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጣዩን ጥቅል መጠቅለል ጀመሩ።

ሥራዬም ይኸው ነው። ወረቀት ማስቀመጥ።

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ የአፍሪካ ጥናት ክፍል ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሚመጣ የታተመ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ያ መጽሔት በ1985 የፕሬስ ሕጉ ከወጣ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት መጽሔቶች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ በየወሩ አዲስ ስም ይወጣ ነበር። አንዳንዱ ሦስት እትም ታትሞ ቀርቷል፤ አንዳንዱ ዓመታት ዘልቋል። የዛሬ 30 ዓመት ሰው ምን ይፈራ እንደነበር፣ ምን ይመኝ እንደነበር፣ ማንን ይፈልግ እንደነበር ለማወቅ ከነሱ የተሻለ ምንጭ የለም። ከአሜሪካ ሆኜ ስፈልጋቸው ኖሬያለሁ። ስድስት ኪሎ መንገድ ላይ ቆሎ ተጠቅልሎባቸው አገኘኋቸው።

ወደ እኛ የሚመጣው ካርቶን ብዙውን ጊዜ መነሻው ናይሮቢ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1966 እ.ኤ.አ. እዚያ ቢሮ ከፍቷል። ከሰሃራ በታች ካሉ 30 ገደማ አገሮች መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ካርታ፣ የመንግሥት ሪፖርት ይሰበስባል። በየአገሩ የሚገዙለት ሰዎች አሉት። ለዋሽንግተን ብቻ አይገዛም። እንደኛ ላሉ ቤተ መጻሕፍትም ተጨማሪ ቅጂ እየገዛ ይልካል፤ እኛም የድርሻችንን እንከፍላለን።

ካርቶን የምከፍትበት ቀን ደስ ይለኛል። የግጥም መድበል አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት አለ። የምርጫ ፖስተር ተጣጥፎ ገብቷል። የአንድ ዞን ግብርና ቢሮ ሪፖርት አለ። የትዳር ምክር የሚሰጥ ቀጭን መጽሐፍ አለ፣ ሽፋኑ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ያለበት። አንዳንድ መምህራን እንዲህ ያለውን ሲያዩ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔ ግን በጣም የምሳሳው ለሱ ነው። የታላላቅ ደራሲዎችን መጽሐፍ ሁሉም ይገዛዋል፤ አይጠፋም። የትዳር ምክሩን ግን ዛሬ ያልያዘው ሰው ነገ አያገኘውም።

ለምን በቦታው መገዛት እንዳለበት የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ አሳታሚ ነው፤ ራሱ አከፋፋይ ነው። ጥቂት ሺህ ቅጂ ያሳትማል። አዟሪዎች በትከሻቸው ደርድረው ከካፌ ካፌ ይዞራሉ። በጥቂት ወራት ያልቃል፣ ወይ ደራሲው ቤት አልጋ ሥር ይቀራል። ከውጭ ሆኖ በኢንተርኔት ማዘዝ የሚባል ነገር የለም። እዚያው የሚኖር፣ ከአዟሪው ጋር የሚተዋወቅ ሰው ያስፈልጋል።

አሜሪካኖቹ ይህን የጀመሩት ለእኛ ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሜልቪል ሄርስኮቪትስ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፍሪካ ጥናትን የጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። በ1954 ደግሞ ለአፍሪካ ብቻ የተለየ ቤተ መጻሕፍት እዚያ ተቋቋመ። የመንግሥት ገንዘብ በብዛት የመጣው ግን ሶቪየቶች ስፑትኒክን ካመጠቁ በኋላ ነው። በ1958 የወጣው ሕግ የሌላውን ዓለም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ለአገር መከላከያ ያስፈልጋል ብሎ ነው በጀት የፈቀደው። ወዲያው የአፍሪካ አገሮች ተራ በተራ ነጻ ወጡ። በ1963 ቤተ መጻሕፍቱ ተሰባስበው ያላቸውን በማይክሮፊልም አንስተው በጋራ የሚጠቀሙበት ማኅበር አቋቋሙ፤ ፊልሙ ቺካጎ ነው የሚቀመጠው። ስለላም ነበረበት፣ ፍቅርም ነበረበት። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ በዚያ ገንዘብ የተሰበሰበ የአማርኛ ጋዜጣ ዛሬ መደርደሪያው ላይ አለ። አመሰግናለሁ። ያመኛልም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ታሪክ ግን ከዚህ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተመሠረተው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ባለሥልጣናቱ የተረሸኑበት ቤት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ነበሩ። ብራና፣ ሥዕል፣ መስቀል፣ ከተማ ውስጥ ታትሞ የወጣውን ሁሉ ይሰበስቡ ነበር። ሪታ ፓንክረስት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ስለ ባለቤታቸው ብዙ ይነገራል፤ ስለ እሳቸው ሥራ ግን የሚገባውን ያህል አይነገርም። ካታሎግ ያዘጋጀ፣ ሠራተኛ ያሰለጠነ ሰው ስሙ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ አይወጣም።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነው። የካርድ ካታሎጉ የእንጨት መሳቢያዎች ነበሩት። መሳቢያው ሲሳብ ረጅም ድምፅ ያወጣል። ካርዶቹ ጠርዛቸው በጣት ብዛት ጠቁሯል። አንድ ካርድ ስፈልግ ሌሎች አምስት ያጓጉኝ ነበር። የጠየቅሁትን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡልኝ ከኔ በፊት ማን አንብቦት ይሆን እል ነበር። የአያቶቻችንን ጋዜጣ በእጄ የነካሁት እዚያ ነው። በ1917 መታተም የጀመረውን ብርሃንና ሰላምን ማለቴ ነው። ማስታወቂያዎቹን ሳነብ ዋልኩ። ያን ቀን ክፍል አልገባሁም። ሙያዬን የመረጥኩት ያን ቀን ነው።

ስለ ስብስብ ስናወራ መቅደላን መዝለል አይቻልም። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ይህን ሰዎች ይረሱታል። ያ ስብስብ ራሱ ከባለቤቶቹ ተወስዶ ነው የተከማቸው። ሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መጣ። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪታኒያ ሙዚየም ሰው አብሮ ነበር፤ ሊሰበስብ ነው የመጣው። ዛሬ ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ገደማ ብራናዎች ለንደን ብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። አፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥቱ እንዲመለስላቸው ደብዳቤ ጽፈው በ1872 አንዱ ቅጂ ተመልሷል። ሪታ ፓንክረስት የእነዚያን መጻሕፍት ዱካ ተከታትለው ጽፈዋል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሐዘን እንዲህ ነው፤ ዝርዝር ያወጣል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየው የብራና ማይክሮፊልም ሥራው ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ቤተ ክህነት፣ ሚኒሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍትና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አንድ ላይ ሆነው። ባለካሜራዎቹ ከገዳም ገዳም እየዞሩ፣ ከአድባራትም መጽሐፍ እያስመጡ ያነሱ ነበር። መጽሐፉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ፊልሙ ግን አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀመጣል፣ ሌላው ወደ ሚኒሶታ ይሄዳል። ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሥተዋል። አብዮቱ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ካሜራው ግን አልቆመም።

ያን ሁሉ አንብበው ካታሎግ ካዘጋጁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው መጥተው በጥይት መቷቸው። ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልቆሙም። ለንደን ታክመው በዓመቱ ሚኒሶታ ገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ በዚያ በረዶ አገር፣ የጎጃምንና የሸዋን የወሎንም መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንበቢያ ላይ ገጽ በገጽ ሲያነቡ ኖሩ። የዚህ መልክእ መነሻው ምን ይላል፣ ጽሕፈቱ የየትኛው ዘመን ነው፣ ባዶው ቅጠል ላይ ማን የመሬት ሽያጭ ጻፈበት። በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ። በጣም ሲደክመኝ እሳቸው ያዘጋጁትን ካታሎግ አንዱን ቅጽ አውጥቼ ዝም ብዬ አገላብጣለሁ።

የኔ ሥራ ከሳቸው ጋር አይወዳደርም። ግን የራሱ ጭንቀት አለው። ስም እንይ። የካታሎጉ ማሽን የቤተሰብ ስም አምጪ ይለኛል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ጌታቸው ኃይሌ ጌታቸው ናቸው፤ ኃይሌ አባታቸው ናቸው። ደንቡም በግል ስማቸው አስገቡ ነው የሚለው። ደንቡን የማያውቅ ሰው ግን ገልብጦ ይመዘግባል። እንዲህ አንድ ጸሐፊ በአንድ ካታሎግ ውስጥ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። ፊደሉም አለ። ጸሐፊው በጸሎቱ ጸ ቢጽፍ፣ አሳታሚው በፀሐዩ ፀ ያትመዋል። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ጸጋዬ ከሥሩ ነጥብ ባለበት ኤስ ነው የሚጀምረው። ተማሪው በቲ ጀምሮ ይፈልጋል፤ ምንም አያገኝም። መጽሐፉ ግን ከሱ 20 ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል።

ከሁሉ የሚብሰው ዘመን አቆጣጠሩ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ፖስታ ውስጥ የታጠፈ በራሪ ወረቀት አገኘሁ። በስቴንስል የተባዛ ነው። ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል። ከታች «ጥቅምት 1967» ይላል። ከኔ በፊት የነበረ ሰው 1967ን እንዳለ ወስዶ በፈረንጅ አቆጣጠር መዝግቦታል። ወረቀቱ ስለ ደርግ ነው የሚያወራው። ንጉሡ ከወረዱ ገና አንድ ወር ተኩል ነው። በመዝገባችን ላይ ግን ሰባት ዓመት ቀድሞ፣ ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ሳሉ የተጻፈ ሆኗል። በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ 1974ቱ አብዮት የሚያጠና ሰው በዓመተ ምሕረቱ ቢፈልግ ጭራሽ አያየውም። እዚያው ቁጭ ብሎ ጠፍቷል ማለት ነው። እሱን ካስተካከልኩ በኋላ በመደርደሪያው ላይ ያለውን የአማርኛ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። አራት ወር ፈጀብኝ። 60 የሚጠጉ እንዲህ ዓይነት ስህተቶች አገኘሁ።

እንዲህ ያሉ በራሪ ወረቀቶች ለምን ብርቅ እንደሆኑ ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በ1969 እና በ1970 ወረቀት ሰው ያስገድል ነበር። የኢሕአፓ ልሳን ዴሞክራሲያ ቤት ውስጥ ከተገኘ አለቀ። ሰው ያለውን አቃጠለ። ሽንት ቤት ጣለ። ጓሮ ቀበረ። አንድ ትውልድ የጻፈውን በገዛ እጁ አጠፋው። ስለዚህ ተመራማሪው ዛሬ ያን ዘመን ሲፈልግ ውጭ አገር ያለ ማኅደር ውስጥ፣ በወቅቱ ተማሪ የነበሩ ሰዎች ካስቀመጡት ካርቶን ውስጥ ይፈልጋል።

እኛ ቤትም እንዲሁ ነበር። አባዬ የታሪክ መምህር ነበር። ወረቀት አይጥልም። እናቴ በዚያን ጊዜ ግማሹን እንጀራ ስትጋግር ምጣድ ሥር እንደማገደችው ነግራኛለች። የቀረውን አባዬ በኦሞ ካርቶን አድርጎ ቆጥ ላይ ሰቀለው። እኔ ልጅ ሆኜ አንዳንዴ ያወርደው ነበር። የእድገት በኅብረት ዘመቻ ላይ የጻፈው ማስታወሻ ነበረበት። የመሠረተ ትምህርት ሲያስተምር የያዘው የተማሪዎች ስም ዝርዝር ነበረበት። 43 አዋቂ ሰዎች፣ ከየስማቸው ፊት «ማንበብ ቻለች»፣ «ማንበብ ቻለ»፣ «ታመመች» የሚል። የመምህራን ማኅበር ደብዳቤዎች ነበሩበት። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በየዓመቱ ታስሮ ነበር።

አባዬ የሞተው እኔ አሜሪካ ከሄድኩ በኋላ ነው። ለቀብር አልደረስኩም። አርባው ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ክፍሉን ለማከራየት አጸዱት። ቆራሌው ሲያልፍ ጠሩት። ወንድሜ ስልክ ደውሎ «ቤቱ ለቀቀልን፤ 27 ኪሎ ወረቀት ነው የወጣው» አለኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። ምንም አላልኩትም። ምን ልለው እችላለሁ? ያን ካርቶን አስቀምጡልኝ ብዬ አንድ ቀን እንኳን ነግሬው አላውቅም። በየቀኑ የሌላ ሰው አባት ወረቀት በጓንት እየያዝኩ የራሴን አባት ካርቶን ረሳሁት። ከቀይ ሽብር የተረፈው ከቆራሌው አልተረፈም።

በወንድሜ አልፈርድም። በቆራሌውም አልፈርድም፤ እንጀራው ነው። ወረቀቱ ለማንም ምንም የማይመስልበት ጊዜ አለ። ሰውዬው ሞቷል፤ ታሪክ ገና አልሆነም። ስብስብ የሚሠራው ወይ የሚጠፋው በዚያ መሀል ነው። 50 ዓመት ከቆየ በኋላማ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ጨረታም ይወጣበታል።

ወረቀቱ ቤተ መጻሕፍት ከገባ በኋላም ቢሆን ዋስትና የለውም። ሚያዝያ 18 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. እሑድ ነበር። ከኬፕታውን የቴብል ተራራ ግርጌ የተነሣ እሳት ዩኒቨርሲቲው ድረስ ወረደ። የጃገር ንባብ ክፍል ተቃጠለ። ያን ክፍል በፎቶ እንጂ በአካል አላውቀውም። ግን በሙያችን የማያውቀው የለም። ጣሪያው ሲወድቅ በስልኬ ላይ አየሁ። 70,000 ገደማ የአፍሪካ ጥናት መጻሕፍት፣ ከ3,000 በላይ የአፍሪካ ፊልሞች አብረው ሄዱ። ምድር ቤቱ ያለውን ግን እሳት ሲነሣ በራሱ የሚዘጋው መከላከያ በር አተረፈው። የእሳት አደጋ ውሃው አጥለቅልቆት ስለነበር በሚቀጥሉት ሳምንታት በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈው ሳጥኑን እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ አወጡት። የአንዲት ወጣት ፎቶ አልረሳውም። የረጠበ መዝገብ ደረቷ ላይ አቅፋ ትሄዳለች፤ እንደ ሕፃን።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። የእኛ ቤት ብቻ ያሉት የአማርኛ ነገሮች ስንት ናቸው? ከየት እንደመጡ እናውቃለን? ቅጂያቸው ስድስት ኪሎ ወይም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ? መልሱን ስናዘጋጅ ደስ አላለኝም። ብዙው ነገር አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ሊያየው በማይችልበት አገር። የአዲስ አበባ ተማሪ የአያቱን ዘመን ጋዜጣ ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል። ዲጂታል ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ገንዘብ የከፈለ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው የሚከፍተው። ይህ ልክ አይደለም። በስብሰባም ተናግሬዋለሁ። ዋናው እዚያው ይቆይ፤ ቅጂው ይምጣ። ያለንንም አንስተን ወደ ቤቱ እንላክ። ብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው አደጋ ላይ ያሉ መዛግብትን የማዳን ሥራ ኦሪጅናሉ ከአገሩ አይውጣ ይላል። ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላም ነገር አለ። በእኛ መደርደሪያ ላይ አማርኛ ከሌሎቹ ይበዛል። የኦሮምኛው፣ የሶማልኛው፣ የሲዳምኛው ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚገዛ ሰው ጅማና ጅጅጋ የታተመውን አያገኝም። ወረቀት ያልሆነውማ ጭራሽ አልተነካም። የፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ፣ ካሴት፣ የቴሌግራም ቻናል። ድሮ ከጅዳና ከቤይሩት ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ዛሬ እህቶቻችን በኢሞ ድምፃቸውን ይልካሉ፤ ስልኩ ሲበላሽ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። ያን እንዴት እናስቀምጠዋለን? ደግሞስ ማንን አስፈቅደን? አንዳንዱ መቀመጥ የለበትም ይሆናል። ይህን ስል ከልቤ ነው።

እኔ የምችለውን እጀምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ልገዛ ስሄድ በሩ ላይ የተደረደሩትን በራሪ ወረቀቶች አንድ አንድ እወስዳለሁ። የኮንሰርት፣ የቤት ሻጭ፣ የታክስ ሠራተኛ፣ የጸሎት ጉባኤ፣ የሰላማዊ ሰልፍ ጥሪ። ጀርባው ላይ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ እጽፋለሁ። ባለሱቋ አሁን ለምዳኛለች። «የአንቺን ለይቼልሻለሁ» ብላ ከባንኮኒው ሥር ታወጣልኛለች።

በጥር ወር ጉዞዬ ላይ ደግሞ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ጋ ሄድኩ። አባዬን ያውቁት ነበር። ስለ ካርቶኑ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ሰባት መዝገብ ተሸክመው ወጡ። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ። የመጀመሪያው ከ1958 ነው የሚጀምረው። ስም፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ፊርማ። መፈረም የማይችለው በአውራ ጣቱ ቀለም አድርጎበታል። የንብረት ዝርዝር አለ። ድንኳን 2፣ ብረት ድስት 9፣ አግዳሚ ወንበር 30። ከኋላ በኩል የቀብር ዝርዝር አለ። ማን መቼ እንደሞተ፣ ለቤተሰቡ ስንት እንደተከፈለ።

«የሰባን አምጡልኝ» አልኳቸው።

አመጡት። በሌላው ዓመት የቀብር ገጹ ይሞላል። የ1970ው ገጽ ላይ ግን ያሉት አራት ስሞች ብቻ ናቸው፤ አራቱም ሽማግሌዎች። በሰፈራችን በዚያ ዓመት የሞቱትን ልጆች ሁሉም ሰው በስም ያውቃቸዋል። ድንኳን አልተተከለላቸውም። ማልቀስ ክልክል ነበር። እድሩም አልጻፋቸውም። ከአራቱ ስሞች በታች ያለው ወረቀት ባዶ ነው፤ መስመሩ ብቻ። ሽማግሌው ጣታቸውን ባዶው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ገጹን ገለጡት።

መዝገቡን ስጡኝ አላልኳቸውም። ቢሰጡኝም አልወስደውም። የእድሩ ነው። ፎቶ ላስነሣ ስላቸው «ስብሰባ ላይ ላቅርበው» አሉ። አባላቱ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ተወያዩበት። ቅጂው አንዱ እድሩ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ የማን ቤተሰብ ስንት ዕዳ እንደነበረበት የሚያሳየው ክፍል በይፋ እንዳይወጣ ወሰኑ። ጥሩ ውሳኔ ነው። አብዛኞቹ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ አርቀው አላሰቡም።

የምታነሣው የወንድሜ ልጅ ናት። 16 ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትሄዳለች። መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ነጠላ ታነጥፋለች። ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ፣ ገጹ እንዳይጎብጥ፣ ሁሉም ጥግ እንዲታይ በስልክ አሳየኋት። አሁን ከኔ ይበልጥ ታውቀዋለች። አራተኛው መዝገብ ላይ ደርሳለች። ሽማግሌው አጠገቧ ተቀምጠው ማንበብ የሚያስቸግራትን ስም ይነግሯታል፤ ሰውዬው የት ይኖር እንደነበር፣ ምን ይሠራ እንደነበርም ይጨምሩላታል። እሷም ድምፃቸውን ትቀዳለች። ያን ያሰበችው ራሷ ናት።

ዛሬ ጠዋት 38 ፎቶ ልካልኛለች። አንደኛው ጥግ ላይ አውራ ጣቷ ገብቷል። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«አክስቴ፣ ገጽ 112 ላይ አያቴ አለ። የካቲት 1976። ከስብሰባ ቀርቷል ተብሎ 50 ሳንቲም ተቀጥቷል። ፊርማው የአንቺን ይመስላል።»